አርባ የትራስ ልብስ

የገዛ ደብዳቤዋን በሰው ትራስ ላይ ያገኘች ሴት ምን ትላለች? ታቢታ ማቴዎስ ምንም አላለችም። ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ፤ በቃ።

የትራስ ልብሱን ያመጣችላት ጫልቱ ነች፤ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ እየጠበሰች የምትሸጠው፣ አፏ ከዘይቷ በላይ የሚንጫጫው ጓደኛዋ። በጥር ፀሐይ እያላበች ገባችና የጋዜጣ ጥቅልል ጉልበቷ ላይ ፈታች።

«እይልኝማ ታቢ! ለእህቴ ሰርግ ገዛሁላት። ዓሣ ዓሣ እንዳይሸት ብዬ በሁለት ጋዜጣ ነው የጠቀለልኩት። ገና አልተጠለፈም፤ ስዕሉ ግን አያምርም? ልክ ያንቺን እጅ ይመስላል!»

ነጩ አቡጀዴ ላይ በሰማያዊ መስመር ሁለት ወፎች ተስለዋል። ሸንበቆ ላይ ቆመዋል። አንዷ ሐይቁን ታያለች፤ ሌላዋ አንገቷን ጠምዝዛ ወደ ኋላ። ከሥራቸው ሰባት ቅጠል።

«ከየት ገዛሽው?» አለች ታቢታ።

«ከእትዬ ወለተጊዮርጊስ ሱቅ ነዋ። አሥራ አንድ ብር! ያልተሳለበት ሰባት ብር ነው። ‹አራቱስ የምን ነው?› ብላት ‹የወፏ› አለችኝ። ‹እንቁላል ትጥልልኛለች ወይ?› ብዬ ጠየቅኋት፤ ልትመታኝ ነበር።»

«ብዙ አለ?»

«ቁልል ነው እንጂ! ቱላ ገበያ ሳይቀር ደርሷል አሉ። ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

ማን ይነግራታል? ያ ስዕል የታቢታን እጅ የሚመስል አይደለም፤ ራሱ የታቢታ እጅ ነው። ባለፈው ኅዳር፣ የምትወደው በኃይሉ ለሱቅ ዕቃ አዲስ አበባ ሄዶ ሳምንት ሲቀርባት፣ የተቆጣ ልቧን በወረቀት ላይ አሳርፋ ሰጠችው። ዞራ የምታየዋ ወፍ እሷ ነች። ሰባቱ ቅጠል ሳታየው የዋለችባቸው ሰባት ቀኖች ናቸው። አንድም ፊደል አልጻፈችበትም። እሱ ግን አንብቦት ነበር፤ አንብቦም ዓይኑ ረጥቦ ነበር። አሁን የቱላ ሴት ሁሉ በታቢታ ናፍቆት ላይ ጋደም ብላ ታንኮራፋለች።

«ለአንድ ቀን አውሺኝ» አለች ጨርቁን ደረቷ ላይ እየያዘች። ከዚያ በላይ ብትናገር ታለቅስ ነበር፤ ታቢታ ደግሞ ሰው ፊት የምታለቅስ ሴት አይደለችም።

❖

የታቢታ ሥራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንናገር። ጠላፊ አይደለችም። ጠላፊ ሐዋሳ ሞልቷል። እሷ የምትሥለው ጠላፊዎቹ ተከትለው የሚጠልፉበትን ንድፍ ነው። ከውጭ የሚመጣው ባለአበባ አንሶላ ከገበያ ከጠፋ ወዲህ፣ ልጇን የምትድር እናት ሁሉ ነጭ ጨርቅ ይዛ እሷ ደጅ ትቆማለች። ታቢታ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ትወጥረዋለች፣ ጥቂት ዝም ብላ ታየዋለች፣ ከዚያ እርሳሷ ይሄዳል። ከዚያ ቤት ሁለት አንድ ዓይነት ስዕል ወጥቶ አያውቅም።

መከራው ዋጋው ላይ ነበር። «ስንት ነው?» ሲሏት አንገቷን ትደፋለች። «እርስዎ የወደዱትን» ትላለች። ሰው ደግሞ የሚወደው ትንሽ ነው። አንዷ ሽልንግ ታስቀምጣለች፣ አንዷ ሦስት እንቁላል፣ አንዷ «ጌታ ይባርክሽ» ብላ ጨርቋን አጣጥፋ ትወጣለች። እንዲያውም አንዷ፣ ጥርሷ በወርቅ የተሞላ፣ «እርሳስ እኮ ነው፤ ሲጠለፍ ከክሩ ሥር ይጠፋል፣ ሲታጠብ ይለቃል። ለሚጠፋ ነገር ማን ይከፍላል?» ብላታለች። ታቢታ ሣቀች። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባል የለ? አሞሌዋን ያቀለለችው ራሷ ነች።

በኃይሉን ያወቀችው እርሳስ ስትገዛ ነው። የወለተጊዮርጊስ አንድያ ልጅ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጨርቅ ሲለካ እንኳ ከክንዱ ጣት ጨምሮ የሚሰጥ። እናቱ ግን ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሱቋን በጥርሷ ይዛ የኖረች ሴት ነች። እሷ ባታነብም ፊደል ያለበት ወረቀት ልጇ ኪስ ውስጥ ካየች ጎረቤት ወስዳ ታስነብባለች። «የግንበኛ ልጅ፣ ያውም ጴንጤ!» ብላ ስሟን እንኳ አትጠራም። ለዚህ ነው ታቢታ ፊደል ትታ በወፍ የጻፈችለት። በሁለት ዓመት ሰባት ወረቀት። ሰባቱም ከሽልንጉና ከእንቁላሉ ውጭ ያሉ፣ ማንም «ስንት ነው?» ያላላት፣ የራሷ ነገሮች ነበሩ።

❖

በማግሥቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር፣ ዋርካው ሥር ጠበቀችው። ሲያያት ፊቱ በራ። ሳትስመው የትራስ ልብሱን ጉልበቱ ላይ አኖረችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

በኃይሉ ፈገግ አለ። የጎዳት ያ ፈገግታ ነው፤ ጥፋቱን የሚያውቅ ሰው እንዲያ ፈገግ አይልም።

«አየሽው? ልነግርሽ ነበር እኮ።»

«ማነው የገለበጠው?»

«እኔ ነኛ። እናቴ እርሳስ መያዝ ትችላለች? ካርቦን ከሥሩ አድርጌ…»

«በገዛ እጅህ።»

«ታቢ፣ መጀመሪያ ስሚኝ። እናቴ ‹ይዛ የምትመጣው ምን አላት?› ስትለኝ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ። በመጨረሻ እጇን ላሳያት አልኩ። ሰባቱንም ፊቷ ዘረጋሁላት።»

«ደብዳቤዎቼን።»

«ስዕሎቹን።»

«ደብዳቤዎቼን ነው ያልኩህ!»

ውሃው ላይ የነበሩት ዳክዬዎች ተነሡ። በኃይሉ ግራና ቀኙን አየ።

«ምን እንደሚሉ አልነገርኳትም። ወፍ ነው ያየችው። ግን ብታይ ኖሮ! ብዙ ሰዓት ዝም ብላ አየቻቸው፤ እናቴ ገንዘብ እንኳ እንዲያ አታይም። ከዚያ ሁለት ጨርቅ ቆርጣ ሰጠችኝና ‹ገልብጥ› አለች። በሳምንቱ ሃያ። አሁን ሰማንያ ያህል ተሸጧል። ትናንት ደግሞ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?» ሁለት እጇን ያዘ። «‹ሽማግሌ ላክ› አለችኝ! ታቢ፣ በራሷ አፍ! እሑድ ይመጣሉ።»

የታቢታ ልብ መጀመሪያ ዘለለ። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ዘለለ። ስንት ጊዜ ተንበርክካ የለመነችው ነገር ነው። ወዲያው ግን አንድ ብርድ አንገቷን ነካት።

«እንዴት ብላ ነው ያለችው? ቃሏን ንገረኝ፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።»

«‹እንዲህ ያለ እጅ ደጅ ቆሞ ነገ ዋጋ ከሚጠራብን፣ ቤት ገብቶ የኛ ቢሆን ይሻላል› ነው ያለችው።» እየሣቀ ነበር የነገራት፤ ምን ተሸክሞ እንደመጣ አላወቀም። «አነጋገሯን ታውቂ የለ? ነጋዴ ነች።»

«እኔስ? ከሰማንያው ለኔ ምን አሰባችሁልኝ?»

በኃይሉ በእውነት ግራ ገባው። «ላንቺ? ያንቺና የኔ ምን ልዩነት አለው? ልንጋባ እኮ ነው። ባልና ሚስት ዋጋ ይጠራራል እንዴ?»

እጇን ከእጁ አወጣች፤ ቀስ ብላ፣ እንዳይጎዳ የፈራች ያህል። ልትወደው ዓይኖቿን ብትጨፍን እሱ ነው፤ ብትገልጥ የሱቁ ልጅ ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። የሁለት ዓመት ጸሎቷ ተሰምቶላት፣ ቤቷ እንደተዘረፈ ሰው እየሄደች ነበር።

❖

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ አቶ ማቴዎስ ደጃፉ ላይ ጉልበታቸውን ፀሐይ ያስመታሉ። ድንጋይ ሲያነሡ የኖሩበት ጉልበት ነው፤ አሁን በምርኩዝም አይታዘዝም። ሽማግሌ እንደሚመጣ ከሰሙ ጀምሮ መዝሙር በአፍንጫቸው ያዜማሉ። ድምፅ አውጥቶ መዘመር በማያስደፍርበት ጊዜ፣ ማቴዎስ በአፍንጫቸው መዘመርን ጥሩ አድርገው ተምረዋል።

«አባባ» አለች ታቢታ፣ «ያንን ከአደባባዩ ወዲህ ያለውን ትልቅ ቤት ሲገነቡ ስንት ተከፈለዎት?»

«የወደዱትን ሰጡኝ።»

«ስንት ወደዱ?»

አዛውንቱ መዝሙሩን ተዉት። «ግማሽ ኩንታል በቆሎ… እና ይኼን ኮት።» የኮቱን እጅጌ ዳሰሱ፤ ክርኑ ላይ ተበልቷል።

«ግንቡስ?»

«ቆሟላ! ምን ይሆናል?» ቀና አሉ። «አንድ ድንጋይ አልተነቃነቀበትም።»

«ለምን ዋጋዎን አልነገሯቸውም?»

«ያሳፍረኝ ነበር፣ ልጄ። ዋጋውን የሚጠራ ሠራተኛ ስግብግብ ይመስለኛል። ደግሞስ ሰው ሥራውን ሲያየው ዋጋውን ያውቀዋል እል ነበር።»

«አወቁት?»

ማቴዎስ የተበላውን ክርን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «አላወቁትም» አሉ።

ከሰዓት በኋላ ጫልቱ አንድ ፖስታ አመጣች። «ልጁ ሁለት ዓሣ ገዝቶኝ አንዱንም ሳይበላ ይኼን ሰጥቶኝ ሄደ። ዓሣውን እኔ በላሁት፤ ኀዘኑን አንቺ ብዪ» አለች። በኃይሉ በፊደል ሲጽፍላት የመጀመሪያው ነው።

«ታቢቴ፣ ተቀይመሽኛል። ምን እንዳጠፋሁ ግን እስካሁን አልገባኝም። ያልገባኝን ነገር ይቅርታ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ሌት ከቀን ሳስበው የሚታየኝ እጅሽን ከእጄ ያወጣሽው አወጣጥ ብቻ ነው። ብትቆጪ ይሻለኝ ነበር። እምቢ የምትይ ከሆነ ዛሬ ላኪብኝ፤ ነገ በሽማግሌ ፊት አታዋርጂኝ። ያንቺው በኃይሉ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። አለመዋሸቱን ወደደችው፤ አለመገንዘቡን ጠላችው። መልስ ልትጽፍ ወረቀት አወጣች፤ እርሳሱ ወረቀቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ቀረ። እምቢ ብትል ትሞታለች፤ እሺ ብትል ደግሞ ቀስ ብላ ትሞታለች። በሁለቱ ሞት መካከል ቁጭ እንዳለች ፀሐይዋ ጠለቀች።

❖

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ፊት አቶ ገብረጻድቅ፣ ከዘራቸው በብር የተለበጠ፤ ከኋላ አቶ ኑሪ፣ ከወለተጊዮርጊስ ጎን ጨው የሚሸጡ፣ በቁምነገራቸው የታወቁ ነጋዴ። ከነሱ ኋላ አንድ ተሸካሚ ትልቅ የጨርቅ እስር አዝሎ ገባ።

«እንቀመጥ ወይስ እንቁም?» አሉ ገብረጻድቅ፣ ወጉ እንደሚያዘው።

«ከሰው ቤት ገብቶ መቆም አለ? አረፍ በሉ» አሉ ማቴዎስ።

ገብረጻድቅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የወለተጊዮርጊስን ቤት አመሰገኑ፣ የልጁን ጨዋነት አመሰገኑ፣ የሃይማኖቱን ነገር «እሱን እግዚአብሔር ያስተካክለዋል» ብለው ዘለሉት። ከዚያ በከዘራቸው እስሩን ነካ አደረጉ። «እትዬ ወለተጊዮርጊስ ከጥሎሹ በፊት ለልጅቱ እጅ መንሻ ብለው የላኩት ነው። አቡጀዴ ነው። በዚህ ጊዜ!»

በአጥሩ ዙሪያ የተሰበሰቡት የጎረቤት ሴቶች እልል አሉ። በቀበሌው ሱቅ ለሦስት ሜትር አቡጀዴ ግማሽ ቀን በሚሰለፉበት ዘመን፣ አንድ ሙሉ እስር! ማቴዎስ ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ጠረጉ። በሕይወታቸው እንዲህ የተከበሩበት ቀን አልነበረም።

እስሩ ከመጋረጃው ኋላ ወደ ታቢታ ገባ። ፈታችው። እጇን ጨርቁ መካከል ሰደደችና ቆመች። ጨርቁ ጣቃ አልነበረም። ተቆርጧል። አንዱን አነሣች፣ ሌላውን አነሣች፤ ሁሉም እኩል፣ ሁሉም ጠርዙ ታጥፎ የተሰፋ። ቆጠረች፤ አርባ የትራስ ልብስ። ከሥሩ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ አንድ እሽግ አዲስ ካርቦን።

ስጦታ ተቆርጦ አይመጣም። ተቆርጦ የሚመጣ ሥራ ነው።

ከውጭ የአባቷን ድምፅ ትሰማለች፤ የሚያመሰግን፣ የሚሽቆጠቆጥ፣ ደስታው ልብ የሚበላ ድምፅ። ዝም ብትል እስከ ዛሬ ማታ የታጨች ነች። ዝም ብትል በኃይሉ የሷ ነው። ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያለ ድምፅ ጮኸችበት። ከዚያ አርባውንም ታቅፋ መጋረጃውን በትከሻዋ ገፍታ ወጣች።

«ልጄ?» አሉ ማቴዎስ።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች፣ ጨርቁን ገብረጻድቅ እግር ሥር እያኖረች። «ይኼ እጅ መንሻ አይደለም። ሥራ ነው። ሥራ ከሆነ ዋጋ አለው።»

«ዋጋ?» ገብረጻድቅ ከዘራቸውን አጠበቁ። «አቶ ማቴዎስ፣ በዚህ ቤት ለጋብቻ ስትጠየቅ የምትመልሰው ልጅቱ ነች?»

«ለአዲስ ንድፍ አሥራ አምስት ብር» አለች ታቢታ። «ከሱ እየገለበጡ ለሚሸጡት፣ ለያንዳንዱ አንድ ብር። እስከ ዛሬ የሸጡትን ትቼዋለሁ፤ ዋጋዬን ተናግሬ ስለማላውቅ ጥፋቱ የኔም ነው። ሰባቱ ወረቀቶቼ ግን ይመለሱልኝ። እነሱ ለገበያ አልወጡም። በፍቅር የሰጠሁትን አልሸጥም፤ የምሸጠውን ደግሞ በፍቅር አልሰጥም።»

አጥሩ ላይ የነበረው እልልታ ወዴት እንደገባ አይታወቅም።

«ልጁስ?» አሉ ገብረጻድቅ በንቀት። «ልጁንም በሜትር ነው የምትፈልጊው?»

«በኃይሉን እፈልገዋለሁ።» ፊቷ እሳት ሆነ፤ አባቷ ፊት እንዲህ ያለ ቃል ተናግራ አታውቅም። «ያለ ምንም እፈልገዋለሁ። ሱቁን ትቶ ባዶ እጁን ቢመጣ እፈልገዋለሁ። ምራት ሁኚ ካላችሁኝ እሆናለሁ። በነፃ ሣዪ ካላችሁኝ ግን ሌላ ፈልጉ።»

ገብረጻድቅ ተነሡ። «እንሂድ፤ ስድብ ልንሰማ አልመጣንም። አቶ ማቴዎስ፣ ልጅዎን ይገሥጿታል ብለን ነበር።»

ማቴዎስ ምርኩዛቸውን ፈልገው ቆሙ። ታቢታ ዓይኖቿን መሬት ላይ ተከለች። የማንንም ተግሣጽ ትችላለች፤ የሳቸውን ግን አትችለውም።

«ልጄ ዋጋዋን ተናግራለች» አሉ ማቴዎስ። ቃሉ ለአፋቸው እንግዳ ስለሆነ ደገሙት። «ተናግራለች። እኔም ሰምቻለሁ።»

አቶ ኑሪ እስከዚያ አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር። ሊወጡ ሲሉ ዞሩና፣ «ለንድፉ አሥራ አምስት፣ ለግልባጩ አንድ። እንዲያ ነው?» አሉ።

«እንዲያ ነው፣ ጋሼ።»

«መልእክት ሳይጎድል መድረስ አለበት» ብለው ወጡ። ጢማቸው ውስጥ ፈገግታ ነበረ ወይስ አልነበረም? ታቢታ ልታውቅ አልቻለችም። ተሸካሚው አርባውን አንሥቶ ሲሄድ፣ ቤቱ ውስጥ የቀረው አየር ብቻ መሰላት። አባቷ እጃቸውን ራሷ ላይ አኖሩ። ሰው ካሸነፈ በኋላ እንዲህ ይከፋዋል ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች።

❖

ሰዓት ሳይሞላ ወለተጊዮርጊስ መጣች። በእግሯ፣ ቁልፎቿ ወገቧ ላይ እየተንጫጩ፣ መንገዱ የጠበባት ያህል። ከኋላዋ በኃይሉ፣ አርባውን እስር በገዛ ትከሻው ተሸክሟል። የሰፈሩ ሰው ደጁን ዘጋሁ ብሎ በቀዳዳው ይመለከታል። ሴትየዋ ከበሩ ወዲያ ቆመች፤ አልገባችም።

«አንቺ! በሽማግሌ ፊት ዋጋ ትጠሪብኛለሽ?»

«በሽማግሌ እጅ ሥራ ላኩብኝ፣ እትዬ።»

«ለገዛ ቤትሽ ስትሥይ ልክፈልሽ? ነገ ደግሞ ላማሰልሽው ሽሮ አስከፍይኛ!»

«ሽሮዬን ገበያ አውጥተው አይሸጡትም። የሸጡት ቀን እንነጋገራለን።»

ከአንዱ አጥር ኋላ ሣቅ አመለጠ። የጫልቱ ነው።

«እርሳስ እኮ ነው! ሲታጠብ የሚለቅ!»

«ታዲያ ወፏን ለምን በአራት ብር ሸጧት?»

ወለተጊዮርጊስ ለመጀመሪያ ጊዜ ታቢታን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ጣቃ ሊገዛ የመጣ ሰው ጨርቁን ብርሃን ላይ አውጥቶ እንደሚያየው።

በኃይሉ እስሩን መሬት አኖረ። ከደረት ኪሱ ወረቀቶቹን አወጣና በሁለት እጁ ዘረጋላት። ሰባት ናቸው። ጠርዛቸው በካርቦን ጠቁሯል።

«አቶ ኑሪ ቃልሽን ሲነግሩኝ ነው የገባኝ» አለ። ዓይኑን አላነሣም። «ለኔ ብቻ ያልሽውን ለሰማንያ ሰው አስነበብኩት። ይቅርታ የምለው ለዚያ ነው። ስለ ዋጋው ደግሞ…» ወደ እናቱ ዞረ። ዝምተኛው ልጅ ድምፁን ከፍ አደረገ። «እማዬ፣ ዋጋው ልክ ነው። የተሠራውን ለመገልበጥ እንኳ እጄ ስንት ጊዜ ተበላሽቶብኛል። እሷ ከባዶ ጨርቅ ነው የምታወጣው። እኔ አውቀዋለሁ።»

«ዝም በል አንተ! ንግድ ከሴት ፈገግታ የተማርክ!» እናቱ ወደ ታቢታ ተመለሰች። «አሥር።»

ታቢታ መጀመሪያ አልገባትም።

«አሥር ብር ነው የምልሽ፣ ደንቆሮ ነሽ? ለንድፉ አሥር።»

«አሥራ አምስት ነው፣ እትዬ።»

«አሥራ ሁለት። ለአማትሽ።»

«ለአማቴም አሥራ አምስት።»

«አሥራ ሦስት! ከዚህ በኋላ አንዲት ሳንቲም የለችም!»

«አሥራ አምስት።»

«እንግዲያው ቅሪ!» ወለተጊዮርጊስ ዞረች። ቁልፎቿ ተንጫጩ፣ እግሯ መንገዱን መታ። «በኃይሉ! እስሩን አንሣና ና!»

ገበያ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል። ገዢ «ቅሪ» ብሎ ሲሄድ እግሩ ይሄዳል፤ ጆሮው ግን ከኋላ ይቀራል። ሻጭ «ይምጡ፣ ይውሰዱት» ብሎ ይጠራዋል፤ እንዲያ ነው የሚያልቀው። ስንት ሻጭ በዚያች ቃል ነው ቤቱን ያፈረሰው። ታቢታ ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣባት። ሁለት ብር ብቻ ነው። ሁለት ብር ቀንሳ ብትጠራት ሁሉም ይመለሳል፤ ሽማግሌው፣ እልልታው፣ የአባቷ ደስታ።

በኃይሉን አየችው። እስሩን አላነሣም። እናቱ ሁለተኛ ጠራችው፤ ከቆመበት አልተነቃነቀም። ዓይኑ ታቢታ ላይ ነው። በዓይኑ ውስጥ «ቀንሺላት» የሚል ልመና ፈለገች፤ ሊኖር ይገባል ብላ ፈለገች። አልነበረም። ፈርቷል፣ ከሷ እኩል ፈርቷል፤ ግን አልለመናትም።

የወለተጊዮርጊስ እርምጃ የመጀመሪያውን ቤት አለፈ። ሁለተኛውን አለፈ። ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ እግሯም የቁልፎቹም ድምፅ ቆመ፤ ጆሮዋ ከኋላ ቀርቷል።

ታቢታ ማዕዘኑን አላየችም። አፏን እንደዘጋች የበኃይሉን ዓይን እያየች ቆመች። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም፤ እንዲህም ሙሉ ሆና አታውቅም።